ጋዜጣ ለመጠቅለያ ብቻ ነውን?

አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል፤ ዳሩ ግን ከተነበበ በኋላ ዕጣው የበርበሬ መጠቅለያና የግድግዳ መለጠፊያ መሆን ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባነው መካከል ጋዜጣ በክፍል ውስጥ ዘርግቶ የተማረ ስንቱ ይሆን?

አንዳንድ መምህራን ለንባብ መለማመጃ ያውሉታል፤ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ጋዜጣን እንደ መማሪያ መጽሐፍ በቃል ማስጠናት የሽምደዳውን በሽታ ወረቀት ቀይሮ ማስቀጠል ነው። የሚሻለው አንዱን ወሬ ከመንግሥቱ አዲስ ዘመንና ከግሉ ሪፖርተር አውጥቶ ጎን ለጎን በማኖር መጠየቅ ነው፤ ማን ተናገረ? ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ? ቁጥሩ ከየት መጣ? የአንድምታ ተማሪ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ መፍታት ከለመደ፣ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅ ይህን ስለ ምን ይከለከላል?

«ፖለቲካ ይሆናል» ብሎ የሚፈራ አለ። ተማሪው ግን ያንኑ ወሬ በስልኩ፣ ያለ ጠያቂ፣ መስማቱ አልቀረም። «ገንዘብ የለም» ለሚልም የቆየ ጋዜጣ ይበቃል፤ እንዲያውም የአምናው ይሻላል፤ ይደረጋል የተባለው መደረግ አለመደረጉ ይታይበታልና።

ነገ ጠመኔ የምንጨብጥ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፤ ጋዜጣው ባለሱቁ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በክፍላችን ይለፍ።