ማዳበሪያ፣ ኩበትና መሬት በቂሊንጦ

የእርሻን ዘላቂነት በማዳበሪያ ዓይነት ብቻ መመዘን የጉዳዩን መሠረት መሳት ነው። የቂሊንጦን ዋልካ መሬት እንውሰድ። ዩሪያና መሰሎቹ ውጤታቸውን በአንድ ክረምት ያሳያሉ፤ ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸውና በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት የዓለምን ገበያ ሲያናውጥ ጫናው በገበሬው ጫንቃ ላይ ወድቋል። ሽምብራ በክረምቱ ማብቂያ፣ ዋልካው ባስቀረው እርጥበት ይዘራል፤ ሥሩ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚያከማች ውለታውን የሚከፍለው ለተከታዩ ዓመት ጤፍ ነው። የኮምፖስት ጥቅም ደግሞ ለዓመታት ይዘልቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ የተጀመረው ሥራ ከሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ያላነሰ ምርት እንደሚያስገኝ አሳይቷል። ይሁንና ብዙው እበት ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ ከተሜውም የሚያነደው የነገ እንጀራውን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዋነኛው ቅራኔ ግን የጊዜ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የከተማው መስፋፋት ሌላ ጥያቄ አስከተለ። በቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርኩ የቆመው ትናንት በታረሰ መሬት ላይ ነው። ማሳው ለከርሞ በእጁ መቆየቱን ያላወቀ ገበሬ ዩሪያን ቢመርጥ ኋላ ቀርነት ሳይሆን ትክክለኛ ስሌት ነው። «ኮምፖስት አዘጋጅ» ብሎ የሚቀሰቅሰው ባለሙያ አስቀድሞ፣ ማሳው እስከ መቼ የገበሬው እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጥለት።