የድረ ገጹ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ወዳጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት ድረ ገጽ አሠርቶ ነበር። ሥራው ሲታይ ያማረ ነበር። ተራ በተራ የሚቀያየር ፎቶግራፍ፣ ከታች የሚሮጥ ጽሑፍ፣ ደንበኛው ተመዝግቦ የሚገባበት በር ሳይቀር ነበረው። ወዳጄም የተጠየቀውን ገንዘብ ብዙ ሳይከራከር ከፈለ። አንድ ቀን ግን ከክፍለ ሀገር የደወለ ደንበኛ «ገጽህን ስከፍት የቁማር ማስታወቂያ ነው የሚመጣብኝ» አለው። ሠሪውን ቢፈልግ ስልኩ አይነሣም። ነገሩን ሲያጣራ የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በእርሱ ሳይሆን በሠሪው ስምና ኢሜይል ሆኖ ተገኘ። የዓመቱ ዕድሳት ስላልተከፈለ ስሙ ወድቆ ሌላ ሰው ወስዶታል። በታፔላው፣ በከረጢቱና በቢዝነስ ካርዱ ላይ ያሳተመው አድራሻ ዛሬ የማያውቀው ሰው ንብረት ነው።

ይህን ያነሣሁት ሠሪውን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ ከውሉ ይጀምራል። ወዳጄ የማያስፈልገውን ገዛ፤ የሚያስፈልገውን ደግሞ በስሙ አላደረገም። በዚህ ጸሐፊ እምነት አብዛኛው ነጋዴ የሚያስፈልገው ቀላል፣ ርካሽና በራሱ ስም የተመዘገበ ድረ ገጽ ነው። ከዚያ የሚያልፈው ጌጥ ነው።

ለመሆኑ ደንበኛው ከነጋዴው ገጽ ላይ ምን ይፈልጋል? ምን ዕቃ እንዳለ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ዋጋው የወጣበትን ቀን፣ ሱቁ የት እንደሆነና በየትኛው ስልክ እንደሚደወል ማወቅ ነው። ይህን ለመንገር የመመዝገቢያ በርም ሆነ የሚሮጥ ጽሑፍ አያስፈልግም።

ድረ ገጽ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው እንደ ምግብ ቤት ነው፤ ደንበኛው ባዘዘ ቁጥር ወጥ ቤቱ ተነሥቶ ያበስላል። በዚህ ዓይነቱ ገጽ ሰው በገባ ቁጥር ፕሮግራሙ ከመረጃ ቋት እየቀዳ ገጹን ያዘጋጃል። ዎርድፕረስ የሚባለው የታወቀው ፕሮግራም በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው እንደ ዳቦ ቤት ነው፤ ዳቦው ሌሊት ተጋግሮ ያድራል፤ ጧት ሻጩ አንሥቶ መስጠት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ባለሙያዎቹ «ስታቲክ» የሚሉት ይኸኛውን ነው። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰርን ከሚባለው የምርምር ማዕከል ለዓለም የከፈተው የመጀመሪያው ድረ ገጽም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነበር።

ወጥ ቤት ያለው ቤት ጠባቂ ይፈልጋል። ፕሮግራሙና በላዩ የሚጨመሩት ተቀጥላዎች በየጊዜው ካልታደሱ ሰርጎ ገቦች የሚገቡት በዚያ ቀዳዳ ነው። ሠሪው ከጠፋ የሚያድሰው የለም። የተጋገረ ዳቦ ግን ምድጃው ቢጠፋም አይጠፋም። የተዘጋጀው ገጽ ተራ ፋይል ስለሆነ በፍላሽ ተይዞ ሌላ ቦታ ሊሰቀል ይችላል፤ በደካማ ኔትወርክም ቶሎ ይከፈታል።

«ቴሌግራም እያለ ድረ ገጽ ለምኔ?» የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። ቴሌግራም ጠቃሚ መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ የኪራይ ሱቅ ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ተገድበው በነበረበት ጊዜ ገበያው በሙሉ በእነርሱ ላይ የነበረ ነጋዴ ደንበኛውን ያገኘው በቪፒኤን በኩል ነው፤ ቪፒኤን የማያውቀውን ደንበኛ ደግሞ አጣ። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በራሳቸው ብልሽት በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ኢንተርኔቱ ጠቅላላ ከተዘጋ ድረ ገጽም አያድንም። ነገር ግን ሁለት በር ያለው ሱቅ አንድ በር ካለው ይሻላል።

ወደ ሥራው ስንገባ ነገሩ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ማስተካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጄኪልና በ2013 የወጣው ሁጎ የታወቁ የስታቲክ ገጽ ማዘጋጃዎች ናቸው፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የሱቁ ስም፣ አድራሻና የገጹ ቋንቋ የሚጻፉት በአንድ የማስተካከያ ፋይል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የገጹን ትክክለኛ አድራሻ ሳያስገባ የናሙናውን እንዳለ ይተወዋል። በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ በደንብ ሲሠራ የነበረው ገጽ ሲሰቀል ሥዕሉ ይጠፋል፣ ማያያዣው አይከፍትም። ስለዚህ ሥራውን በሠሪው ላፕቶፕ ላይ ዓይቶ መረከብ አይገባም። በራስ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ተከፍቶ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ከሱቁ ጋር ማስማማት ነው። በነፃ የሚገኙ የገጽ ንድፎች ሞልተዋል፤ ለአማርኛ የሚስማማ ፊደል መምረጥ፣ ቀለሙን ከታፔላው ጋር ማመሳሰል ይበቃል። ጠንቃቃ ሠሪ የንድፉን ዋና ፋይሎች አይነካም፤ ለውጡን ለብቻው ያስቀምጣል። ያለዚያ ንድፉ ሲታደስ የተለወጠው ሁሉ ይጠፋል። የዋጋ ዝርዝሩ ደግሞ ለብቻው በአንድ ፋይል ቢቀመጥ የሱቁ ጸሐፊ ቁጥሩን እዚያ ስትለውጥ በገጹ ሁሉ ይለወጣል። ዝርዝሩ በጽሑፍ ይሁን እንጂ በፎቶግራፍ አይሁን። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በማንኛውም ስልክ ላይ ማለት ይቻላል ይነበባል፤ «የፍሬን ሸራ ዋጋ» ብሎ በጎግል የሚፈልግ ደንበኛም በቀላሉ የሚያገኘው በጽሑፍ የሰፈረውን ነው። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍም ሳይቀነስ መጫን የለበትም፤ የዳታውን ሒሳብ የሚከፍለው ደንበኛው ነውና።

ሦስተኛው መስቀል ነው። በነፃ የሚሰቅሉ ድርጅቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ነፃ የተባለው ሁሉ ለነጋዴ ነፃ አይደለም። ጊትሃብ ፔጅስ በውሉ ላይ አገልግሎቱ የመስመር ላይ ንግድ ለማካሄድ እንዳልተፈቀደ ይገልጻል። ቨርሴልም ነፃውን ደረጃ ለግልና ለንግድ ላልሆነ ሥራ ብቻ ነው የሚሰጠው። «በነፃ ሰቀልኩልህ» የሚል ሠሪ ሲመጣ «የት? በምን ውል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአድራሻው ላይ ለሚታየው የቁልፍ ምልክት በየዓመቱ ለብቻው ገንዘብ ለሚጠይቅም እንዲሁ፤ ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለው ድርጅት ይህን ምስክር ወረቀት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በእርግጠኝነት ገንዘብ የሚወጣበት ስሙ ነው። በ«ኮም» የሚያልቅ ስም የሚታደሰው በየዓመቱ በዶላር ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ያው የዶላር ክፍያ በብር ሲታሰብ ከፍ ማለቱን ነጋዴው ከማንም በላይ ያውቀዋል። የአገራችን መለያ የሆነውና በ«ኢቲ» የሚያልቀው ስም ደግሞ በኢትዮ ቴሌኮም ሥር የሚተዳደር ሲሆን፣ ለንግድ ድርጅት «ኮም ነጥብ ኢቲ» የሚለው ተመድቧል። የትኛውም ቢመረጥ ዋናው ጉዳይ በማን ስም መመዝገቡ ነው። የ«ኮም» ስም ዕድሳቱ አልፎ ከተሰረዘ በኋላ እንኳ ባለቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስመልስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያው የሚላከው ለተመዘገበው ኢሜይል ነው። ወዳጄ ያ ጊዜ ሲያልፍ ያልሰማው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው ክፍያ ከመሰጠቱ በፊት ነጋዴው አራት ነገር ይረከብ። አንደኛ፣ ስሙ በራሱ ወይም በድርጅቱ ስምና ኢሜይል መመዝገቡን ራሱ ገብቶ ይይ። ሁለተኛ፣ ገጹ የተሰቀለበትን ሒሳብ የይለፍ ቃል ተቀብሎ ወዲያው ይለውጠው። ሦስተኛ፣ ገጹ የተዘጋጀበትን ዋናውን ፋይል ሁሉ በፍላሽ ይያዝ። አራተኛ፣ ከሱቁ ሠራተኞች አንዱ ሠሪው አጠገቡ ቆሞ ሳይረዳው ዋጋ ለውጦ ይስቀል። ይህ አራተኛው ካልተሳካ ሥራው አላለቀም።

እርግጥ ነው፣ በቀን በመቶ የሚቆጠር ትእዛዝ የሚቀበልና ክፍያውን እዚያው ገጹ ላይ የሚሰበስብ ድርጅት ወጥ ቤቱም ጠባቂውም ያስፈልጉታል። ይሁን እንጂ ትእዛዙን በስልክ ተቀብሎ ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር ለሚጨርስ ነጋዴ ከወዲሁ ያን ወጪ መሸከም ምን ይጠቅመዋል? ገበያው ሲሰፋ ወጥ ቤቱ ይጨመራል፤ ስሙ በእጁ እስካለ ድረስ ደንበኛው አድራሻ አይጠፋውም።

ለደላሎችም አንድ ቃል አለኝ። ከወር በፊት የተሸጠ ቤት ዛሬም «የሚሸጥ» ተብሎ የሚታይበት ገጽ ደላላውን ያስገምታል። ከእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ ቀን ይጻፍ፤ ያለፈበት ይነሣ። ቀን የሌለው ዋጋ ገዢውን ካሳሳተ ዋጋ ጨርሶ አለመጻፍ ይሻላል።

ወዳጄ አሁን ሌላ ስም አስመዝግቦ፣ ሦስት ገጽ ብቻ ያለው ድረ ገጽ አሠርቷል። የሚሮጥ ጽሑፍ የለውም። ዋጋውን ዘወትር ሰኞ ጧት ሱቅ ሳይከፈት የምትለውጠው የገዛ ልጁ ናት። ታፔላውን ግን እንደገና ማሳተም ነበረበት። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው ለአንገት ጌጥ ብቻ አይደለም።