ለመዝናናት ለምናጠምድም ደንቡ ደንብ ነው



እሑድ እሑድ ጣና ዳር መንጠቆ ይዞ መቀመጥ፣ በጀልባ ዞር ዞር ማለት ለባሕር ዳር ሰው ነውር አይደለም፤ እኛም እናደርገዋለን። ሆኖም የዓሣ ጥበቃ ደንብ በተነሣ ቁጥር «እሱ መረብ ለሚጥለው ነው፣ እኛ ለጨዋታ ነው» ሲባል እንሰማለን። ይህ ትክክል አይመስለንም።

እንደሚታወቀው ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣል። ወንዝ አፍ ላይ የተያዘች እናት ዓሣ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይዛ ትቀራለች፤ በመረብም ተያዘች በመንጠቆ ያው ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ የታየው እምቦጭም ቁራጩ ይበቅላል፤ በጀልባ ሞተር ተጠምጥሞ ወደ ንጹሕ ዳርቻ ይሻገራል።

ልጆቹን በዓሣ የሚያሳድገው ጎረቤታችን መረቡን ሰቅሎ ሲውል፣ እኛ ለጨዋታ ብናጠምድ ምን ይባላል?

ስለዚህ ነሐሴና መስከረም ከወንዝ አፍ እንራቅ። ጀልባ ሳይነሣ ሞተሩ ይፈተሽ፣ አረሙም ከውሃ ርቆ ይድረቅ። የሚመለከተው ክፍልም ክልከላው የትና መቼ እንደሆነ ዳርቻው ላይ በሰሌዳ ይጻፍልን፤ ያልተነገረውን ሰው መቅጣት ደግ አይደለም። አለዚያ ድካማችን ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

የሠፈሩ ማኅበር