እድራችን የሚያውቀን ስንሞት ብቻ ነው?

አንኮበር፣ ጎረቤላ የምትኖር የልጅነት ጓደኛዬ ለጡት ካንሰር ኬሞቴራፒ መጀመሯን ስሰማ እንደማንኛውም ሰው ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ለካ መድኃኒቱ አፏን አቁስሎታል። ይሉኝታ ይዟት አንድ ቅርፊት ጎረሰች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። አልጋዋ አጠገብ ሌላ ብርቱካን የሞላ ፌስታል ተደርድሯል።

ስለዚህ ጣቴን መጀመሪያ የምቀስረው በራሴ ላይ ነው። ግን እዚያ ላይ አላቆምም።

የሕመም ጥየቃችን ለታማሚዋ ሳይሆን ለእኛ የተሠራ ነው። ግር ብለን እንሄዳለን፤ ቡና የምታፈላልን ልጇ ናት። የበሽታውን ስም አንጠራም፣ «ያ ክፉ በሽታ» እንላለን። አንዷ ደግሞ «እንትናም በዚሁ አይደል ያለፈችው?» ብላ ታንሾካሹካለች። ጉንፋን የያዘው ሳይቀር አገላብጦ ይስማታል። ኬሞቴራፒ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚቀንስ ያ ጉንፋን ለእሷ ሆስፒታል የሚያስተኛ ሊሆን ይችላል።

በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ ጭር ይላል። ሕክምናው ግን ገና መጀመሩ ነው። መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ለወራት ይሰጣል። ጨረር ከታዘዘ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሳምንታት። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ እኛ አገር ሰው ዛሬም ካንሰር ሲባል የሚያስበው አዲስ አበባን ነው። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሌላ 130። የመኪና፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ ያውም ከአስታማሚ ጋር። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ቀጠሮው ያልፋል።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። ይህች ሴት ወርሃዊ መዋጮዋን ሳታጓድል ከፍላለች። ብትሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለቤተሰቧ ገንዘብ ይሰጣል። ለመዳን አዲስ አበባ ልሂድ ስትል ግን «ደንቡ አይፈቅድም»! ደንቡን የጻፍነው እኛ ነን እንጂ ከሰማይ አልወረደም። በኤችአይቪ ዘመን የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው ለታመሙና ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች ደርሰዋል። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ያቋቋሙት የካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ያዘጋጀው ችግሩ መድኃኒት ብቻ እንዳልሆነ ገብቶት ነው። እኛስ ምን እስኪገባን እንጠብቃለን?

«ታዲያ ምን ይዘን እንሂድ?» ለምትሉኝ፣ እሷን ራሷን ጠይቄያለሁ። ከመጣላት ሁሉ የማትረሳው የአንዲት ጎረቤቷን ውለታ ነው፤ ሴትዮዋ ምንም ሳትጠይቅ በየቀኑ ውኃ ትቀዳላታለች። ከብብት ሥር ዕጢ የወጣለት ክንድ ሊያብጥ ይችላል፣ ቁስሉ ሳይጠግ 20 ሊትር ጀሪካን አያነሳም። ሌላዋ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ቀሚስ አሰፋችላት፣ እጇን ወደ ላይ ሳታነሳ እንድትለብሰው። ለተመለጠ ራስ ለስላሳ የጥጥ ሻሽ፣ ለአንኮበር ሌሊት ደግሞ የሱፍ ኮፍያ። በርበሬ የሌለው አልጫ ሽሮና ለብ ያለ አጥሚት በፔርሙዝ። ቴርሞሜትር፣ ምክንያቱም ኬሞ ላይ ላለ ሰው 38 ዲግሪ ትኩሳት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። ገንዘብ መስጠትም ነውር አይደለም፤ የቀጠሮዋን ቀን ጠይቃችሁ ከሁለት ቀን በፊት የመኪናውን ስጧት። ጸበሉንም ካመነችበት አብራችኋት ሂዱ፣ ግን «መድኃኒቱን ተይው» የሚል ምክር ይዛችሁ አትግቡ።

ማክሰኞ ቀጠሮ አላት፤ ሌሊት 11 ሰዓት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ እጠብቃታለሁ። እሑድ ደግሞ የእድራችን ስብሰባ ነው። ደንቡ ይሻሻል ብዬ እጄን አወጣለሁ፤ የምትደግፉኝ ካላችሁ በጊዜ ኑ።