በጣሊያን ስም የተሰፋ የመርካቶ ሞካሲን

በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውድቀት ስንከራከር ከርመናል። ዛሬ ግን ስለ ጫማ ልጽፍ ነው። ‹‹ሰውዬው ርእስ አለቀበት›› የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እስከ መጨረሻው ታግሦ የሚያነብልኝ ሰው ግን ጫማም ፖለቲካ መሆኑን ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ቦሌ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ቡናማ ሞካሲን ገዛሁ። ውስጡ፣ ተረከዝ በሚያርፍበት ገበር ላይ፣ የጣሊያን ሥራ መሆኑን የሚናገር ወርቅማ ማኅተም አለበት። ዋጋው ያስደነግጣል፤ ቢሆንም ከፈልሁ። በሳምንት ውስጥ ከእግሬ ጋር ተዋወቀ። በቀን አራት ሰዓት ቆሜ ሳስተምር ሲያቃጥለኝ የኖረው ውስጥ እግሬ አረፈ። በመምህራን ክበብ ቡና ስንጠጣ እግሬን ዘርግቼ ‹‹እዩ እንጂ! እጅ ማለት የጣሊያን እጅ ነው፤ እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር መቼ ይሠራል?›› ማለቴን አስታውሳለሁ። ከባልደረቦቼ መካከል የተቃወመኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ባለፈው ክረምት የአንደኛው እግር ስፌት ከአፍንጫው ላይ ተፈታ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መርካቶ ውስጥ ‹‹እጃቸው የተባረከ ነው›› ወዳላቸው ጫማ ሠሪ ወሰደኝ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ የተሰበረ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ጫማውን ተቀበሉኝ፤ ገለበጡት፤ ስፌቱ የሚያልቅበትን ቋጠሮ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ፈገግ አሉ።

‹‹ጌታዬ፣ ይቺን እኮ የሰፋኋት እኔ ነኝ›› አሉኝ።

አላመንኋቸውም። ከሥራ ጠረጴዛቸው ላይ በጅምር ያለ ሌላ ጫማ አንሥተው ቋጠሮውን አሳዩኝ፤ ያው ነው። መሳቢያቸውን ሳቡ፤ ማኅተሙም እዚያው ተቀምጧል። ‹‹ጋሼ፣ እንዲህ ያለ እጅ ይዘው ለምን በሰው ስም ይሸጣሉ?›› ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹‹በእኔ ስም ቢሆን ኖሮ እርስዎ ይገዙኝ ነበር?›› ብለው መለሱልኝ።

አልገዛም ነበር። ያን ዕለት ግን ይህን ለመናገር አፈርሁና ዝም አልሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

የሞካሲን ምሥጢር

ለመሆኑ እግሬን ያሳረፈው ነገር ምንድን ነው? አብዛኛው ጫማ የሚሠራው የላይኛውን ቆዳ ጫማ ሠሪዎች ‹‹ፎርማ›› በሚሉት የእግር ቅርጽ ላይ ወጥሮ፣ ጠርዙን ወደ ታች አጥፎ፣ በማስቲሽ ከሶሉ ጋር በማጣበቅ ነው። እውነተኛ ሞካሲን ግን ከታች ይጀምራል። አንድ ወጥ ቆዳ ከውስጥ እግር ሥር ይነጠፍና በግራና በቀኝ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ አንቀልባ ሕፃንን እንደሚያቅፍ እግርን ያቅፋል። ከላይ የቀረውን ክፍተት ሌላ ቁራጭ ቆዳ ይከድነዋል። ሁለቱ የሚገናኙበት ሽብሽብ ስፌት የጫማው ነፍስ ነው። ሰፊው በወስፌ ይበሳል፤ ከዚያም በሰም የታሸ ክር በሁለቱ ጫፍ መርፌ አስይዞ ከግራና ከቀኝ በአንዱ ቀዳዳ ያሳልፋል። በአንድ በኩል ክሩ ቢበላ በሌላው በኩል ያለው ይይዛል። እጁ ከላላ ጫማው ቅርጹን ያጣል፤ ከጠነከረ ቆዳው ይተረተራል። ልኩን ከዓመታት ልምድ በቀር የሚያስተምረው የለም። ሲጨርስ ከእግርና ከቆዳው መካከል የሚቆረቁር ነገር አይኖርም፤ ቆዳው በሙቀትና በላብ እየለሰለሰ የባለቤቱን እግር መልክ ይይዛል።

ይህን ጥበብ ለዓለም የሰጡት የሰሜን አሜሪካ ጥንታውያን ነዋሪዎች ናቸው፤ ‹‹ሞካሲን›› የሚለውም ቃል የተገኘው ከአልጎንኪያን ቋንቋዎች ነው። በኋላ ባሕረኞች ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1935 ፖል ስፔሪ የተባለ የኮነቲከት ሰው ውሻው በበረዶ ላይ ሳይንሸራተት ሲሮጥ ተመለከተ ይባላል። የውሻው መዳፍ የተሰነጣጠቀ መሆኑን አስተውሎ የጎማ ሶል ላይ ተመሳሳይ ስንጥቆች አወጣ። የዛሬው የጀልባ ጫማ ከዚያ ይነሣል። ነጭ ሶል የሚደረግለት የመርከቡን ወለል እንዳያጠቁር ነው። ቆዳው ዘይት እንዲጠጣ የሚደረገው የባሕር ውኃ እንዳያደርቀው ነው። ዙሪያውን በቀዳዳዎች የሚሽሎከለከው የጠፍር ማሰሪያም ጌጥ አይደለም፤ ከፊት ሲሳብ ተረከዙን ያጠብቃል። ለሥራ የታሰበ ጫማ ስለሆነ እያንዳንዱ ነገሩ ምክንያት አለው።

ዛሬ አብዛኛው የጀልባ ጫማ በእስያ ፋብሪካዎች ይመረታል። ሆኖም በሜይን ግዛት በጣት የሚቆጠሩ አውደ ጥናቶች አሁንም በእጅ ይሰፋሉ፤ ‹‹በእጅ የተሰፋ›› የሚለውን ቃል በትልቁ ጽፈው፣ የሰፊዎቻቸውን እጅ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ዋጋውን ጨምረው ይሸጣሉ። ጥበቡን ከጀመሩት ሕዝቦች የተወሰደውን መሬት ሳስብ የሠሪን ስም መቅበር የእኛ ብቻ ኃጢአት እንዳልሆነ እረዳለሁ። ቢያንስ ግን እነርሱ ዛሬ የሰፊውን እጅ ያሳያሉ። እኛ እንደብቀዋለን።

ለምን እንደብቀዋለን?

‹‹ፋቂ›› የሚለውን ቃል የማያውቅ አንባቢ ያለኝ አይመስለኝም። ቆዳ የሚያለፋ ማለት ነበር፤ እኛ ስድብ አደረግነው። የዳዊቱን ማኅደር የሰፋው፣ የመኳንንቱን ኮርቻ የለበጠው፣ ሁላችን የታዘልንበትን አንቀልባ ያለፋው ሰው ‹‹ቡዳ›› ተብሎ በጎሪጥ ሲታይ ኖረ። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ በብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ ቆዳ ፋቂና ሸክላ ሠሪ ጋብቻ ተከልክለው፣ መሬት ተነፍገው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን፣ ፋቂውን ጭምር፣ በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ በከተማ ጠፍቶ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን ሱሪ ለውጦ፣ ክራቫት አሥሮ፣ ዲግሪ ጭኖ መምህራን ክበብ ውስጥ ቡና ይጠጣል። ከእኔ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

የመንግሥቶቻችንም ፖሊሲ ከዚሁ ንቀት የተወለደ ነው። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ነን። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ለጓንት፣ ‹‹ባቲ›› በሚል ስም የሚታወቀው የፍየል ቆዳችን ለካሞሽ በዓለም ገበያ የተመሰገኑ ናቸው። ይህን ተይዞ ምን ተደረገ? እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይወጣ 150 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ከዘርፉ በዓመት ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚገኝ አበሠረ፤ አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ሲሶው እንኳ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ኩባንያ ዱከም ላይ ሲከፈት ‹‹የአፍሪካ የጫማ ማዕከል ልንሆን ነው›› ተባለ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ከአጎዋ ተሰረዝንና ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያችን ተዘጋ። ቀድሞ ቆዳ ገዢ በየሰፈሩ እየዞረ ‹‹ቆዳ አለ?›› ሲል ሰምተን ያደግን ሰዎች በዚህ ዘመን በፋሲካ ማግስት የበግ ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ሲበሰብስ አይተናል።

በእነዚህ እቅዶች ሁሉ ቆዳው ተቆጥሯል፤ ዶላሩ ተቆጥሯል፤ ፋብሪካው ተቆጥሯል። እጅ ግን አልተቆጠረም።

‹‹ዶክተር፣ ከ120 ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ በወስፌ አይመገብም፤ ፋብሪካ ያስፈልገናል›› የሚለኝ የኢኮኖሚክስ ባልደረባ አለኝ። ያስፈልገናል፤ አልተጣላንም። ነገር ግን ሁለት ነገር ይመልስልኝ።

አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ ርካሽ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቅ ብዙ አውደ ጥናቶች ተዘግተው ነበር። ያን ጎርፍ የመለሰው ማን ነው? በጠባብ ክፍል፣ በማስቲሽ ጢስ ታፍነው የሚሠሩት የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች ናቸው። ቅርጻቸውን አሻሻሉ፤ ጥራታቸውን ከፍ አደረጉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገር ውስጥ ገበያ ትልቁን ድርሻ መልሰው ያዙ። ሪባን የቆረጠላቸው ሚኒስትር አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ማኅተሟን የምንሰርቃት ጣሊያን የጫማ አገር የሆነችው እንዴት ነው? በማርኬ አውራጃና በቬኒስ አቅራቢያ በብሬንታ ወንዝ ዳር ጎን ለጎን በተደረደሩ ትናንሽ የቤተሰብ አውደ ጥናቶች ነው። አባት ለልጅ ወስፌውን አወረሰ፤ ልጁም በአባቱ ስም ኮራ። እኛ ጋ ደግሞ ጋሼ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ‹‹አባታችሁ ምን ይሠራል?›› ሲባሉ ‹‹ነጋዴ ነው›› ብለው እንደሚመልሱ ነገሩኝ። የጣሊያንን ማኅተም ገልብጠናል፤ ማኅተሙን ያስከበረውን ነገር ግን ንቀነዋል። ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት ድህነት አለ?

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ይህ አገር ለስም መሟገት እንደሚችል አሳይቷል። ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋጨፌ ቡና የንግድ ምልክት ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። ለቡናው የታገለ መንግሥት በመርካቶ እጅ ለተሰፋ ጫማ አንድ የጋራ የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ያቅተዋል? ጥራቱን የሚመሰክሩት ራሳቸው አንጋፋ ባለሙያዎቹ ይሁኑ። ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ የሚገነባ መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች አየር የሚያስገባ ክፍል ይሥራላቸው። በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁም ወስፌ የያዘ ባለ እጅ ከእኔ እኩል ‹‹መምህር›› ተብሎ ይቁም።

ከመንግሥት በፊት ግን እኛ አለን። የውጭ ስም ስናይ ሳንከራከር የምንከፍል፣ የአገር ልጅ ሲሆን ግን ‹‹ቀንስ እንጂ!›› የምንል እኛው ነን። ጋሼ ማኅተሙን የገዙት እኛን ለማታለል አልነበረም። እንድንታለል የፈለግነው እኛ ነን፤ እርሳቸው ገበያውን ነው ያነበቡት።

ከአንድ ወር በኋላ ተመልሼ ሄድሁ። ‹‹ጋሼ፣ ሌላ ሞካሲን ይስፉልኝ፤ በዚያ ማኅተም ፋንታ ግን የራስዎን ስም ይጻፉበት›› አልኋቸው። ትንሽ አሰቡና ‹‹ገበሩ ላይ? ስሜን በየቀኑ ሊረግጡት ነው እንዴ?›› አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በመጨረሻ ከጫማው ጎን በኩል የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል በክር ሰፉት። ይህን የምጽፈው እርሱን ተጫምቼ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ጫማችሁን ስታወልቁ አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ ማኅተሙን እዩት። ከዚያ ስፌቱን እዩት። የማንን እጅ እንደተጫማችሁ እርግጠኛ ናችሁ?

ቸር እንሰንብት።