ለገበያ ያልቀረበ ክንድ

የሰው ጉልበት እንደ ሸቀጥ የሚተመን ነው ወይስ አይደለም? ይህ ጥያቄ በፋብሪካና በእርሻ ብቻ ሳይሆን በቡጢ መድረክም ላይ ይነሳል። ለዚህም የኩባዊው የከባድ ሚዛን ቡጢኛ የቴኦፊሎ ስቲቨንሰን ሕይወት የጎላ ምስክር ነው ብለን እናምናለን።

ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ተወለደ። አገሩ በ1962 የፕሮፌሽናል ስፖርትን ስላገደች የቡጢን ጥበብ የተማረው በአማተርነት ነው። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ያሸነፈውን አሜሪካዊ ዱዌን ቦቢክን በሦስተኛው ዙር ረትቶ እስከ ወርቁ ተጓዘ። በ1976 በሞንትሪያል፣ በ1980 በሞስኮ ደገመው፤ ሠለሰው። በአንድ የክብደት መደብ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ቡጢኛ ሆነ።

በዚህ መካከል የአሜሪካ ከበርቴዎች ከመሐመድ ዓሊ ጋር ሊያጋጥሙት ሚሊዮን ዶላሮችን ዘረጉለት። እምቢ አለ። የሚሊዮኖች ኩባውያን ፍቅር ከዚያ ገንዘብ እንደሚበልጥበት ተናገረ። ይህን ስናወሳ ግን ሽንፈት የማያውቅ ጀግና አድርጎ የሚስለውን ወሬ አንቀበልም። የሶቪየቱ ኢጎር ቪሶትስኪ ሁለት ጊዜ፣ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ዳሚያኒ ደግሞ በ1982 አሸንፈውታል። ተሸንፎ ወደ ልምምዱ የተመለሰ ሠራተኛ ነበር።

ከዚህ የከበደ ጉዳይ አለ። በ1984 ኩባ ከሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ቀረች፤ ስቲቨንሰንም አራተኛውን ወርቅ ሊሞክር አልቻለም። ገንዘቡን እምቢ ያለው ራሱ ሲሆን፣ ይህኛው ግን የመንግሥት ውሳኔ ነበር። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማወደስ አይገባም። አገራችንም በ1976፣ በ1984 እና በ1988 ከኦሊምፒክ ቀርታለች። ምሩፅ ይፍጠር ሞንትሪያል ላይ ሳይሮጥ ቀርቶ፣ ስቲቨንሰን ሦስተኛውን ወርቅ ባጠለቀበት በሞስኮ ሁለት ወርቅ እስኪያገኝ ድረስ አራት ዓመት ጠብቋል። የአትሌት ዕድሜ አጭር መሆኑን እያወቅን፣ የእነዚያን ዓመታት ዋጋ የከፈለው ማን እንደሆነ ልብ ልንል ይገባል።

ስቲቨንሰን ግን በ34 ዓመቱ፣ በ1986፣ እዚያው አሜሪካ ውስጥ በሬኖ ከተማ ለሦስተኛ ጊዜ የዓለም አማተር ሻምፒዮን ሆነ። በ2012 በ60 ዓመቱ አረፈ።

ኩባ በ2022 ቡጢኞቿ በፕሮፌሽናል ውድድር እንዲሰለፉ ፈቅዳለች። ይህ የስቲቨንሰንን እምቢታ ከንቱ ያደርገዋል የሚሉ አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። እርሱ የወሰነው በራሱ ክንድ ላይ ነው። የዛሬዎቹም በራሳቸው ክንድ ላይ እንዲወስኑ መፈቀዱ ከእርሱ ክብር አንዳች አይቀንስም።