እርጅና ነው ብለን አንለፈው

የወረታና የፎገራ ወገኖቼ፣

ክረምት ሲገባ የፎገራ ዋልካ ጤነኛውንም ያንሸራትታል። በሩዝ ማሳዎች መካከል ባለችው ጠባብ የአፈር ድንበር ላይ ጎረምሳው እንኳ እግሩን እያየ ነው የሚራመደው። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ያጠረ፣ ደጃፍ ሲደርሱ እግራቸው አልነሣ የሚላቸው አባቶችና እናቶችስ? ሲወድቁ «እርጅና ነው» እንላለን። ፓርኪንሰን ሊሆን ይችላል።

ሕመሙ እንቅስቃሴን የሚያቀናው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ሲያንስ የሚመጣ ነው። ሌቮዶፓ የሚባለው ኪኒን የሰውነትን መገተርና መዘግየት ያቀላል፤ ሚዛንን ግን እምብዛም አይመልስም። ከመገተሩ ጋር የሚመጣውን የትከሻና የወገብ ሕመም ደግሞ ብዙዎቻችን ቁርጥማት እንለዋለን።

ለሚዛኑ ግን ጣሊያናዊው የነርቭ ሐኪም ካርሎ ፔርፌቲ የጀመሩት የማገገሚያ ሥልጠና ለእኛ ይሆናል ባይ ነኝ፤ ውድ ማሽን አይጠይቅምና። ታማሚው ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ባለሙያው እግሩን ይዞ ጥንካሬያቸው በሚለያይ ስፖንጆች ላይ እያሳረፈ የቱ ለስላሳ፣ የቱ ጠጣር እንደሆነ ይጠይቀዋል። እዚህ ላይ ከጉልበት ይልቅ ልብ ማለት ይሠራል፤ አንጎል ከእግር የሚመጣውን ስሜት እንደገና መለየት ይለማመዳል። እርግጥ በፓርኪንሰን ላይ እንደ ሌሎቹ የሚዛን ልምምዶች ብዙ አልተጠናም። ስፖንጅ ቢጠፋ ግን ገለባ የሞላ ከረጢትና ሩዝ የሞላ ከረጢት በፎገራ አይጠፋም!

የጎደለው ባለሙያ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ ጤና ጽሕፈት ቤታችን ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋግሮ በወር አንድ ቀን እንኳ ወረታ የሚመጣ ባለሙያ ያስመድብልን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ «ወድቀው ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቁ። ዕድሮች ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ሪፈር ለተባለ አባል የመኪና ወጪ ይሸፍኑ። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ ኪኒኑን ሳያቋርጥ።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። እየተራመዱ ሳለ ወሬ አታብዙባቸው፣ ዕቃም አታስይዟቸው። ደርቀው ሲቆሙ አትጎትቷቸው፤ «አንድ፣ ሁለት» ብላችሁ ቁጠሩላቸው፣ ወይም የሚሻገሩት መስመር መሬት ላይ አስምሩላቸው። የባጃጅ ሾፌሮችም ጡሩንባውን ተዉትና ጥቂት ጠብቋቸው።

ወይዘሮ ክብራ ከበደ ራሳቸው ከፓርኪንሰን ጋር እየኖሩ አዲስ አበባ ላይ የሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አቋቁመዋል፤ እኛም በሰፈራችን መጀመር እንችላለን። የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ሚያዝያ 3 ነው። የዕድር ዳኞች፣ የቀበሌና የጤና ኃላፊዎች ከዚያ ቀን በፊት አንድ ላይ ተቀምጣችሁ፣ በየሰፈሩ ስንት የሚወድቅ ሰው እንዳለ እንድትመዘግቡ እጠይቃለሁ።